ልጅቷ ለምን «ትሬ» አለች? እንግሊዝኛን ከተማሪው ቋንቋ ተነስቶ ስለማስተማር



እኛ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዕጩ መምህራን ከማስተማር ልምምድ ስንመለስ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ተማሪው ድክመት ነው። «አፋቸውን አይከፍቱም»፣ «ማንበብ አይችሉም»፣ «ከታች ሳይማሩ ነው የመጡት» እንላለን። ዛሬ ግን ስለ ራሳችን ድክመት ልንጽፍ ተነሳን። ለዚህ ያበቃን በአንድ የገጠር ክፍል ውስጥ ያጋጠመን ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ነው እንበል እንጂ ለአንዲት ልጅ ትንሽ አልነበረም።

የት/ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። 3ኛ ክፍል ነው፤ ከስድሳ የማያንሱ ልጆች በየዴስኩ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከመካከላችን አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቻችን ከኋላ ሆነን እንከታተላለን። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የዛፍ ሥዕል ተስሎ ከሥሩ የእንግሊዝኛው ቃል ተጽፏል። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ተነሽ ተባለች። ድምጿን ሳብ አድርጋ «ትሬ...» ብላ አነበበች።

ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን መናገር ይሻላልና እኛም ፈገግ አልን። አስተማሪው ጓደኛችን «ኖ! ትሪ! ሪፒት!» አላት። በቀስታ ደገመችና ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ እጇን አላወጣችም።

ማታ በግምገማችን ላይ ይህን ነገር እንደ ቀልድ አነሳነው። ልምምዳችንን የሚከታተሉት መምህራችን ግን አልሳቁም። «ለመሆኑ ለምን እንደዚያ እንዳነበበች ጠየቃችኋት?» አሉን። አልጠየቅናትም። «እንግዲያው የጋሞኛ መጽሐፏን ግለጡና እዩ» ብለው ዝም አሉ።

ገለጥን፤ አየን። ልጅቷ ሕግ አክብራ ነበር ያነበበችው። ሕጉን ያላወቅነው እኛ ነን።

ሀ. ልጅቷ የተከተለችው ሕግ

እንደሚታወቀው ጋሞኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ቋንቋው አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም አጭርና ረጅም ሆነው የቃል ትርጉም ይለያሉ። አናባቢው ረጅም ሲሆን ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ለምሳሌ ያህል ጋሞዎች ቤትን የሚጠሩበት ቃል በረጅም «ኬ» ይጀምራል። ይህ ረጅም ድምፅ የሚጻፈው እንግሊዞች «ኢ» ብለው የሚጠሩትን ፊደል በመደረብ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ያንኑ ድርብ ፊደል ከእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ስታየው፣ በ1ኛ ክፍል እንደ ተማረችው አርዝማ «ሬ» ብላ አነበበች። በእንግሊዝኛ ግን ይኸው ድርብ ፊደል ረጅም «ኢ» ነው የሚሰጠው። ፊደሉ አንድ፣ ሕጉ ሁለት ማለት ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። «ኪዩ» የሚባለው ፊደል በጋሞኛ «ቅ» ን ይወክላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ክዊን» በሚለው ቃል ላይ እንደምናየው ሌላ ሥራ አለው። «ኤክስ» የሚባለው ፊደልም በጋሞኛ ወደ «ጥ» ወይም ወደ «ጽ» ለሚጠጋ ጠንካራ ድምፅ ያገለግላል። ልጁ «ቦክስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያነብ መጨረሻው ላይ ቢደናበር ምን ያስገርማል?

እስኪ የዚህን ልጅ ሸክም እናስበው። በቤቱ ጋሞኛ ይናገራል። በት/ቤት ጋሞኛን በላቲን ፊደል ያነባል። አማርኛን ደግሞ በግዕዝ ፊደል ይማራል። እንግሊዝኛ ከዚያው ከላቲን ፊደል ጋር፣ ነገር ግን በሌላ ሕግ ይመጣበታል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በፊት በነበረው ሥርዓት እንግሊዝኛ በ3ኛ ክፍል ይጀመርና በ7ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆን ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሲያደርግ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ አደረገ። የቀድሞው የደቡብ ክልልም ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ወደ እንግሊዝኛ ማዞርን መርጦ ነበር። እንግዲህ አንድ የጨንቻ ወይም የቦንኬ ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ ለሳይንስና ለሒሳብ የሚበቃ እንግሊዝኛ ይያዝ ተብሎ ተጠብቆ ነበር ማለት ነው።

ይህ አካሄድ የታሰበውን ያህል እንዳልሠራ የታየው በጥናት ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በአማካይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። እንግሊዝኛን ቶሎ ማስተማሪያ ማድረግ በራሱ እንግሊዝኛን እንደማያሻሽልም አመልክቷል። ፖሊሲ ማውጣት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። የቤቱን ቋንቋ አስጥለን እንግሊዝኛን ልናስይዘው ብንሞክር «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው ይሆናል።

ለ. ጋሞኛ ተናጋሪው ከእኛ የሚበልጥበት

አሁን ወደሚያስደንቀው ነገር እንምጣ። እንግሊዝኛ በግና መርከብን በሚጠራባቸው ሁለት ቃላት ላይ አብዛኞቻችን እንቸገራለን። ሁለቱንም በግዕዝ ፊደል ብንጽፋቸው «ሺፕ» ነው የሚወጣው። ምክንያቱም አማርኛ ሰባት አናባቢዎች ቢኖሩትም በርዝመትና በማጠር ትርጉም አይለይም። አማርኛ የሚለየው ተናባቢውን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ የበዓሉን «ገና» እና «ገና አልመጣም» ስንል ያለውን «ገና» ልብ ይሏል። ጋሞኛ ተናጋሪው ልጅ ግን አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር መስማትን ከእናቱ ጋር ሲያወራ ለምዶታል። የበጉን ቃል «አናባቢውን አርዝመው» ብንለው ወዲያው ይገባዋል። በእርግጥ በእንግሊዝኛው ከርዝመቱ ሌላ የምላስ አቀማመጥ ልዩነትም አለ፤ ቢሆንም ርዝመቱ ጥሩ መግቢያ በር ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? የእንግሊዝኛውን ቃል በግዕዝ ፊደል ጽፈን «እንዲህ ነው የሚባለው» እንለዋለን። እርሱ የነበረውን ልዩነት በእኛ ፊደል እናጠፋበታለን። እኛም በዚህ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደላችን የጻፍነው ለንባብ እንዲመች ብለን ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ይህን ልማድ ብንተው ይበጃል።

ሌላው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ «እኔ ሙዝ እበላለሁ» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። በጋሞኛም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሡን መካከል ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ «አይ ባናና ኢት» ሲል ማሰብ አቅቶት አይደለም፤ በሁለት ቋንቋ በሚያውቀው ሕግ አስቦ ነው። ለዚህ የሞከርነው ዘዴ ቀላል ነው። ሦስት ልጆች ወደ ፊት ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቃል የተጻፈበት ካርቶን ይይዛሉ። መጀመሪያ በጋሞኛው ተራ ይቆማሉ። ቀጥሎ «እንግሊዝኛ!» ሲባል ግሡን የያዘው ልጅ ከዳር ተነስቶ መካከል ይገባል። ክፍሉ በሙሉ ያነባል። ደግሞ «ጋሞኛ!» ሲባል ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ በሰዋስው ቃላት ብንለፈልፍ የማይገባው ነገር በአምስት ደቂቃ ይታያል።

ሦስተኛው ጉዳይ እኛን ራሳችንን ይነካል። አማርኛ የለመድን ብዙዎቻችን «ስኩል» ማለት ሲገባን «እስኩል» እንላለን። ሁለት ተናባቢ በቃል መጀመሪያ ላይ ሲገጥመን «እ» ን እናስቀድማለን። መድኃኒቱ «ስስስ» ብሎ እንደ እባብ ድምፅ ማስረዘምና ሳያቋርጡ «ኩል» ን መቀጠል ነው። ይህን ሳናስተካክል ክፍል ከገባን ስድሳ ልጅ የእኛን «እ» ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «እኔ ጋሞኛ አላውቅም፤ ምን ላድርግ?» የሚል ባልደረባ ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ከመካከላችን ከጎፋ፣ ከወላይታ፣ ከኮንሶ፣ ከዘይሴ የመጣን አለን። በአርባ ምንጭ ከተማ በሴቻም ሆነ በሲቀላ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ ይገኛል። ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅብንም። የሚጠበቅብን «ይህን በቤትህ ቋንቋ እንዴት ትላለህ? እንዴትስ ትጽፋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መምህር ተማሪውን ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም።

ሐ. ከዶርዜ መንገድ የተማርነው

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የምታውቁ፣ የጎብኚ መኪና ሲመጣ ከዳር ዳር የሚሮጡትን ልጆች አይታችኋል። ይጨፍራሉ፤ ይገለባበጣሉ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ፍለጋ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። «ሃሎ»፣ «ዌር አር ዩ ፍሮም» ይላሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በክፍል ውስጥ አፋቸውን የማይከፍቱት ናቸው።

ልጆች በመኪና ኋላ ይሩጡ ማለታችን አይደለም፤ አደጋውንም ልመናውንም እናውቃለን። ነገር ግን መምህር ነንና ይህን ጥያቄ ልንሸሸው አንችልም፦ እዚያ የሚናገር ልጅ እዚህ ለምን ዝም ይላል? እኛ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። እዚያ የሚናገርበት ጉዳይ አለው፤ የሚሰማውም ሰው አለ፤ ቢሳሳት የሚስቅበት የለም። እዚህ ግን የምናናግረው ስለማያየው ነገር ነው፤ ሲሳሳት ደግሞ እንስቃለን።

እንግዲያው ጉዳዩን ወደ ክፍል እናምጣው። ለንደን ስላለው የምድር ባቡር ከማንበቡ በፊት የሚያየውን ይናገር። ከሴቻ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ልጅ አባያና ጫሞ ሁለቱም ይታዩታል። የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። አባያ ከጫሞ ይሰፋል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ይበርዳል። የማወዳደሪያ ቅጽል ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? «ጨንቻ ኢዝ ኮልደር ዛን አርባ ምንጭ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኑን ልጁ በቆዳው ያውቀዋል።

የነጭ ሳር የሜዳ አህያ፣ የጫሞ አዞ፣ የሙዝ እርሻ፣ እንሰትና ቀርከሃ ሁሉም የቃላት መማሪያ ናቸው። የዶርዜ ሽመና ደግሞ ቅደም ተከተል ያስተምራል፤ መጀመሪያ ይፈተላል፣ ቀጥሎ ይደራል፣ ከዚያ ይሸመናል። «ፈርስት፣ ኔክስት፣ ዜን» የሚሉትን ቃላት ልጁ የአባቱን ሥራ እየተረከ ይማራቸዋል። የአባቱን ሥራ ከማንም በላይ ስለሚያውቀው አይፈራም።

መ. ከእጃችን ያሉ መሣሪያዎች

«መሣሪያ የለም» ማለት ለምዶብናል። ከዚህ በታች ያሉት ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም በጥቂት ወጪ የሚሠሩ ናቸው።

1. የማዳበሪያ ጆንያ። ነጩ ጆንያ ታጥቦ ከተዘረጋ የማይቀደድ ቻርት ይሆናል። በአንዱ ገጽ የአናባቢ ድምፆችን በሁለት ዓምድ፣ የጋሞኛውንና የእንግሊዝኛውን ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል። «ትሬ» እና «ትሪ» የሚለውን ልዩነት ለማሳየት ይህ ቻርት ብቻ ይበቃ ነበር።

2. ቆርኪና ካርቶን። በቆርኪ ጀርባ ፊደል ጽፎ ቃል ማሠራት፣ ከካርቶን የቃል ካርድ መቁረጥ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል።

3. ትእዛዝ። «ስታንድ አፕ»፣ «ኦፕን ዘ ዶር»፣ «ተች ዩር ኖዝ» እያልን ልጆቹ በአካላቸው እንዲፈጽሙት ማድረግ። ገና መናገር ያልደፈረ ልጅ በመሥራት መረዳቱን ያሳያል። ቆይቶ አዛዡ ራሱ ልጁ ይሁን።

4. አንብቦ ቀና ማለት። ይህ ዘዴ የማይክል ዌስት ነው። ዌስት በቤንጋል ሲያስተምሩ የኖሩ እንግሊዛዊ መምህር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ እንግሊዝኛን ስለማስተማር መጽሐፍ አሳትመዋል። አስቸጋሪ ያሉት ሁኔታ የተማሪ መብዛትን፣ የክፍል ጥበትንና የመቀመጫ አለመመቸትን ነው፤ ማለትም የእኛን ክፍል ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ተማሪው አንድ ሐረግ በልቡ ያነባል፤ ከመጽሐፉ ቀና ይላል፤ የጎኑን ልጅ ዓይን እያየ ያነበበውን ይናገራል። መጽሐፉን እያየ መናገር ክልክል ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሠሩ ስድሳው ልጅ በአንድ ጊዜ ይናገራል። ጫጫታ ይኖራል፤ የሥራ ጫጫታ ነውና አንፍራው።

5. የግድግዳ ጋዜጣ። እኛ ይህን ሰሌዳ እንደምናዘጋጅ ሁሉ የ4ኛ ክፍል ልጆችም ማዘጋጀት ይችላሉ። አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር በጋሞኛ፣ ሁለት መስመር በእንግሊዝኛ። የተጻፈው ነገር የሚነበብ መሆኑን ያየ ልጅ ለመጻፍ ይተጋል።

ሠ. ስለ ራሳችን እንግሊዝኛ

ሳንናገረው ብናልፍ የማያምርብን አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ስንናገር እንፈራለን። ዶርም ውስጥ በእንግሊዝኛ ያወራ ጓደኛ «ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?» ተብሎ ይቀለድበታል። ልጅቷን ያሳፈረው ሳቅ እኛም ዘንድ አለ ማለት ነው። በራሳችን ላይ ሳናቆመው በተማሪው ላይ ልናቆመው አንችልም።

ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ አብረን እንድንሠራ የምናሳስበው ይህን ነው። በየቀኑ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አራት አራት ሆነን፣ አንድ ገጽ ጮክ ብለን እናንብብ፤ በንባቡ ላይም አንብቦ ቀና ማለትን እንለማመድ። የሚሳሳትን ሰው ከመጨረሱ በፊት አናርመው። ሲጨርስ «ለምን እንዲህ አልክ?» እንበለው። መምህራኖቻችንም ከእኛ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ስሕተታችንን መዝግበው በሳምንቱ መጨረሻ ቢነግሩን ደስ ይለናል።

በመጨረሻ ስለ ልጅቷ። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ያው ጓደኛችን እንደገና ክፍሉን ያዘ። ጆንያውን ዘርግቶ ሰቀለውና «ባለፈው አንዲት ተማሪ ያነበበችው በጋሞኛ ሕግ ትክክል ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ «ይህን ሕግ ማን ያስረዳኛል?» ሲል ጠየቀ። ብዙ እጅ ወጣ፤ የእርሷ ግን አልወጣም። ቆይታ፣ ሌሎቹ ከተናገሩ በኋላ፣ ስሟ ሳይጠራ ተነስታ ወደ ጆንያው ሄደች። ጣቷን በግራው ዓምድ ላይ አድርጋ «ሬ» አለች፤ በቀኙ ላይ አድርጋ «ሪ» አለች። ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ዕለት ከዚህ ሌላ አልተናገረችም።

ያሳጣናትን ሳምንት በዚህ መለስንላት ብለን አንኩራራም። ግን ይህን ተምረናል፦ በዶርዜ ሸማ ላይ ድሩ ሳይወጠር ማግ አይገባም። የልጁ የቤት ቋንቋ ድሩ ነው፤ እንግሊዝኛ ማጉ ነው። ድሩን በጥሰን ስንት ማግ ብናመላልስ ሸማ አይወጣልንም።

እናንተስ በልምምድ ላይ የሳቃችሁበት፣ በኋላ ግን ትክክል ሆኖ ያገኛችሁት የተማሪ መልስ አለ? ጽፋችሁ ስጡን፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣዋለን።

መልካም የማስተማር ልምምድ!